በሁለት በረት መካከል

ውድ ኤፍራታ፣

ስልኬን እንደማታነሺ ስላወቅሁ ይህን እጽፍልሻለሁ። ደብዳቤ ጥሩነቱ መሃል ላይ ጆሮዬ ላይ አይዘጋም። ልትቀዳድጂውም ብትፈልጊ በእጅሽ መያዝሽ አይቀርም፤ ከያዝሽው ደግሞ ታነቢዋለሽ። አውቅሻለሁ። የመድኃኒት ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ ሳይቀር አንብበሽ የምትጨርሺ ልጅ ነበርሽ።

ኋላ እንዳትጠብቂ አንድ ነገር አስቀድሜ ልበልሽ። አብነት አንቺን ለማግባት የላካቸውን ሽማግሌዎች ከደጄ በመመለሴ ይቅርታ አልጠይቅሽም። ነገም እንደዚያው ሆነው ቢመጡ እመልሳቸዋለሁ። ለምን እንደመለስኳቸው ግን አልነገርኩሽም። «ጋሼ፣ አዋረዱኝ» ብለሽ ስትዘጊው ለመናገርም ጊዜ አልሰጠሽኝም። ከዚያ ወዲህ ደግሞ ቱርሚ ደርሼ መጥቻለሁ። እዚያ የሰማሁት ነገር ያንቺ ነው፤ ሳላደርስልሽ ብሞት አፈሩ አይቀለኝም።

መጀመሪያ ስለ ሽማግሌዎቹ። ቅዳሜ ጠዋት ነው የመጡት። መሪያቸው የአብነት አጎት አቶ ገብረ ማርያም ነበሩ፤ ነጭ ጋቢያቸውን መኪና ውስጥ አጥፈው አስቀምጠውት ኖሮ ደጄ ላይ ሲደርሱ ዘርግተው ለበሱት። ግቡ አልኳቸው። እንደ ደንቡ መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም አሉ።

«አቶ ደምሰው፣ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው የመጣነው።»

«ልጅዎን ያሉት ማንን ነው?»

«ኤፍራታን ነዋ!»

«ኤፍራታ የአይኬ ልጅ ናት።»

ሰውየው ወደ ጓደኞቻቸው ዞር አሉ። «እሷ እኮ አባት የለኝም፣ ያሳደገኝ ጋሼ ነው ብላናለች።»

«አባቷ በሕይወት አለ። ከቱርሚ ወዲያ ነው መንደሩ። ሂዱና እሱን ጠይቁ።»

«አቶ ደምሰው፣ እኛ ከአዲስ አበባ ድረስ ተንገላተን ነው የመጣነው። ቆመናል እኮ!»

«እንግዲያው ቆማችሁ ቱርሚ ድረስ ሂዱ። መንገዱ አሁን ደህና ነው።»

ከኋላ የነበረው ሽማግሌ ሳቁ አመለጠው። አቶ ገብረ ማርያም አልሳቁም። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ሄዱ። ጎረቤታችን ጥሩነሽ ሁሉንም በአጥሩ ላይ ሆና ሰምታ ኖሮ፣ «አይ ጋሽ ደምሰው፣ ልጅቷን ቆሞ ቀር ሊያደርጓት ነው?» አለችኝ። «አንቺ ወጥሽን አማስይ» አልኳት። ገባሁና በሩን ዘጋሁ። ቀኑን ሙሉ አልከፈትኩትም። ይህን ለሌላ ሰው አልነገርኩም።

«አባት የለኝም» ማለትሽ ነው በሩን ያስዘጋኝ።

ወደ እኛ ቤት እንዴት እንደመጣሽ የምታስታውሺው እንደ ሕፃን ነው። እኔ የማስታውሰውን ልንገርሽ። አይኬና እኔ ቤል የሆንነው መንግሥት በተለወጠበት ዘመን ነው። የከብት መድኃኒት ጭኜ ስወርድ ደረቁ ወንዝ ሞልቶ መኪናዬን ያዘው። አይኬ ከጭቃው አወጣኝ፤ ፍየል አረደልኝ፤ ውሃው እስኪጎድል አስቀመጠኝ። እኔ ደግሞ የታመሙ ከብቶቹን አከምኩለት። ቤል ማለት ሐመሮች ዘንድ የቃል ኪዳን ወዳጅ ነው፤ ከወንድም ቢበልጥ እንጂ አያንስም። ወንድም በረትህን ይካፈልሃል፤ ቤልህ ያቆመውን ከብት ግን ማንም አይነካውም። ቤልህ ከብቱን በአንተ በረት ያቆማል፤ አንተ ትጠብቃለህ፤ ወተቱ ያንተ ነው፤ ላሚቱ ግን የእሱ ናት። ይህን ለልጅ አያስተምሩትም፤ ሲያድግ ያውቀዋል።

ስትታመሚ አይኬ በጭነት መኪና ጂንካ አመጣሽ። የሳንባ ነቀርሳ ነው አሉ። ሕክምናው ወራት የሚፈጅ ሆነ፤ እሱ ደግሞ ከብቶቹን በድርቅ ጥሎ መቀመጥ አልቻለም። ሆስፒታሉ በር ላይ ቆመን «ከዳነች እመጣለሁ። ካልዳነች አንተ አፈር አልብሳት» አለኝ። ሁለታችንም ብዙ የምናወራ ሰዎች አይደለንም።

ዳንሽ። ባለቤቴ ብዙወርቅ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በአጥሚትና በቁጣ አዳነችሽ። አይኬ ግን አልመጣም። በየገበያው ቀን የሐመር ሰዎች ሲያልፉ በሩ ላይ ቆመሽ ፊታቸውን ታዪ ነበር። ቆይተሽ መቆሙን ተውሽው። ከዚያ «ለቤሌ ጊደር አቁሜያለሁ፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ቦራ ናት» የሚል መልእክት በሰው አፍ ደረሰኝ። ነገሩን ትምህርት ቤት የሰሙ ልጆች «በጊደር የተለወጠች» ብለው ሰደቡሽ። እያለቀስሽ መጥተሽ ጉልበቴን ይዘሽ «አባዬ» አልሽኝ። እኔም፣ «አባትሽ አይኬ ነው። እኔን ጋሼ በይኝ» አልኩሽ። ብዙወርቅ በዚያ ሳምንት አላናገረችኝም። እኔ ግን የሰው ነገር ጠባቂ ነበርኩ። ጠባቂ የባለቤቱን ስም አይወስድም።

አሁን ወደ ኮምፒውተሩ ልምጣ፤ አንቺ እንጀራሽን የምትበዪበት ነገር የተጀመረው በእኔ ጠረጴዛ ላይ ነውና።

ማኅበራችን የከብት ሻጮች ማኅበር ነበር፤ እኔ ደግሞ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ። አንድ ፕሮጀክት ሲያልቅ ኮምፒውተሩንና አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ጥሎልን ሄደ። ከስድስተኛ ክፍል ያላለፍኩ ሰው ነኝ። መዝገበ ቃላት አጠገቤ አስቀምጬ በየቃሉ እየቆምኩ አነበብኩት። ሰዎቹ «ጋሽ ደምሰው ጸሎት ጀመሩ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። የከብቶቹን መዝገብ፣ ዳታቤዙን፣ ስሠራ ለእያንዳንዱ ከብት ሁለት ቦታ አደረግሁ፤ አንዱ ጠባቂ፣ አንዱ ባለቤት። ዋናው ቢሮ «አንዱ ይበቃል፣ ከብቱ በማን በረት ነው ያለው?» አለኝ። አይበቃም አልኩ። ደብዳቤ ጻፉልኝ። እኔም ጻፍኩላቸው። ሁለቱም ቦታ እንደነበረ ጸና።

አንቺ የቤት ሥራሽን ከጎኔ ትሠሪ ነበር። ከቱርሚ በሬዲዮ ይነግሩናል፤ ይህች ላም ከዚህ በረት ወጥታ ወደዚያ ሄደች ይላሉ። እኔ ከአንደኛው በረት አወጣታለሁ፤ ቀጥዬ በሌላው አስገባታለሁ። አንድ ቀን አውጥቻት ሳላስገባት መብራት ሄደ። ሲመለስ ላሚቱ የትም የለችም። እኔ ማሽኑን ስሳደብ አንቺ ከደብተርሽ ቀና ብለሽ፣ «ጋሼ፣ በሁለት በረት መካከል ያደረች ላም ጅብ ይበላታል» አልሽ። አሥራ ሦስት ዓመትሽ ነበር መሰለኝ። መጽሐፉን ተቀበልሽኝና ሌሊት ይዘሽው አደርሽ። ጠዋት «ትራንዛክሽን» የሚባለውን ነገር አገኘሽው። ጀምር ትይዋለሽ፤ ታወጪያታለሽ፣ ታስገቢያታለሽ፤ ሁለቱም ከሆኑ ኮሚት ታደርጊና ይጸድቃል። አንዱ ከጎደለ ሮልባክ ነው፤ ላሚቱ ጥንት ወደነበረችበት በረት ትመለሳለች፣ ምንም እንዳልተደረገ። መብራት ቢሄድም እንደዚያው ነው። ያን ቀን በማሽን የማመን ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

ከዚያ ተለዋዋጭ፣ ቫሪያብል የሚሉትን አመጣሽ። «እንደ ቅል ነው ጋሼ። ዛሬ ወተት፣ ነገ ውሃ ይያዝበታል» አልሽኝ። የሻጩን ስም በአንዱ ቅል፣ የባለቤቱን በሌላው ትይዢና ታወዳድሪያቸዋለሽ። አንድ ቀን ደግሞ እየሮጥሽ መጥተሽ እጄን ጎተትሽኝ። «ጋሼ ይዩ! ሮልባክ አድርጌ ሁሉም ተመልሷል። ተለዋዋጩ ግን አልተመለሰም። ያየውን እንደያዘ ነው!» አልሽኝ። «ታዲያ ምን ያስደንቃል?» አልኩሽ። «ሁሉም ሲረሳ እሱ አይረሳም» አልሽ። ይህን ቃልሽን አስታውሺው፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሽያጭ የሚያልፍበትን ቅድመ ሁኔታ የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ አይቼ አጽድቄዋለሁ። ባለቤቱ ከሻጩ የተለየ ከሆነ መልስ፤ አለዚያ አጽድቅ። ሁለታችንም ስንጽፈው ትክክል መሰለን። ግን ከብት መዝጋቢዎቹ በየመንደሩ ሲዞሩ «ይህች የማን ናት?» ብለው በሰው ፊት ይጠይቃሉ። እዚህ አገር ለእንዲህ ያለ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ እረኛ የለም። «በበረቴ ናት» ይላል፤ አበቃ። የሌላ ሰው ከብት ስንት እንደያዘ ለወንድሙ እንኳ አይናገርም። መዝጋቢዎቹም የባለቤቱን ቦታ ባዶ ትተው አለፉ። ማሽኑ ደግሞ ባዶን ከስም ጋር ሲያወዳድር «ተለየ» አይልም፤ «አንድ ነው»ም አይልም። አላውቅም ይላል። አላውቅም ሲል ወደ «አለዚያ» ይሄዳል። እዚያ የጠበቀው ደግሞ «አጽድቅ» ነበር።

በዚህ ቀዳዳ ነው ቦራዋ የወጣችው። አይኬ ከብቶቹን ይዞ ሩቅ ግጦሽ ወርዶ ሳለ ታናሽ ወንድሙ ከቤት የቀረችውን ላም ቱርሚ ወስዶ ሸጣት። በሬዲዮ ነገሩን፣ አስገባን፣ ማሽኑ አጸደቀ፣ ነጋዴው ጫነ።

አይኬ ሲሰማ ጂንካ ድረስ መጣ። በርኩማውን ደጄ ላይ አስቀምጦ ሳይቀመጥበት ቆመ።

«ቤሌ፣ ማሽንህ ላም ሸጠ።»

«ሰማሁ» አልኩት። «የኔ ላም ናት፣ እኔ ይቅር ብያለሁ። ከወንድምህ አትጣላ።»

«ይቅር ማለት ያንተ አይደለም።»

«እንዴት አይደለም? ለኔ ያቆምካት አይደለችም?»

«ላሚቱ የት ናት?» አለኝ ብቻ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ነጋዴው ካኮ ከተማ አድሮ ኖሮ ደረስንበት፤ ማኅበሩ ሽያጩን አፍርሶ ላሚቱ ተመለሰች። አይኬ ገመዷን ይዞ በዚያው ወደ ቆላው ወረደ።

አንቺ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ላይ ነበርሽ። ያን ያህል ዘመን ቆይቶ መጥቶ ወደ መስኮቱ ቀና አላለም። ማታ ራት ላይ፣ «ለላም ሲሆን ይመጣል» አልሽ። ተነሥተሽ ወደ ቢሮው ኮምፒውተር ሄድሽና ከቅድመ ሁኔታው በላይ አንድ መስመር ጨመርሽ፤ ባለቤቱ ባዶ ከሆነ ቁም፣ ሰው ይጠየቅ። እኔ ከኋላሽ ቆሜ፣ «ባዶ ከሆነ ባለቤት የላትም ማለት አይደለም እንዴ? ለምን ታቆሚዋለሽ?» ብዬ ፈተንኩሽ። ወደ እኔ ሳትዞሪ፣ «ባዶ ማለት የለም ማለት አይደለም ጋሼ። አልተጠየቀም ማለት ነው» አልሽ።

ከዚያ ቀን ወዲህ የአባትሽን ስም ከአፍሽ አልሰማሁም።

እንግዲህ አቶ ገብረ ማርያም ደጄ ላይ ቆመው «አባት የለኝም ብላናለች» ሲሉ እኔ ምን ላድርግ? አንቺው የጻፍሽው መስመር እኮ ነው። ባዶ ነው፤ ቁም፤ ሰው ይጠየቅ። አቆምኩ። አዋረዱኝ ያልሽው ይህን ነው።

ስልኩን ከዘጋሽብኝ በኋላ ቤት ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። ሰው ይጠየቅ ካልን የሚጠይቅ ሰው ያስፈልጋል። ጉልበቴ እንደምታውቂው ነው፤ ቢሆንም በማግስቱ የጨው ጭነት በያዘ አይሱዙ ሹፌሩ አጠገብ ተቀምጬ ወረድኩ። ሹፌሩ «አባቴ፣ በዚህ ዕድሜ ለሽርሽር ነው?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። ካኮን ስናልፍ ቦራዋን ያገኘንበትን ዛፍ አየሁት፤ አሁን ሥሩ ሞተር ሳይክል ይጠግኑበታል።

አይኬ ከበረቱ በር ጥላ ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። አርጅቷል፤ ዓይኑን ሞራ ሸፍኖታል። እግሬን ሰምቶ ቀና አለ።

«ማነህ?»

«ደምሰው።»

«ደምሰው ሞቷል።»

«ማን አለህ?»

«ማንም። ስትጠፋ ጊዜ ራሴ ነኝ ያልኩት። በሞተ ሰው አልቆጣም፤ በጠፋ ሰው ግን እቆጣለሁ። ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። የቡና ገለባ ፈልቶ በቅል መጣልን። አይኬ አፉን ሞልቶ ወደ እኔ እፍ ብሎ ረጨኝ፤ ይመርቀኛል ማለት ነው። ሐመርኛዬ እንደ ጉልበቴ ነው፤ ቢሆንም ነገሩን ጀመርኩት።

«ልጅህን ሊያገቧት ጠይቀዋል።»

«ማን?»

«አብነት የሚባል ልጅ። ደህና ልጅ ነው።»

«ከብት አለው?»

«የለውም።»

«ታዲያ ምን አለው?»

«ደመወዝ አለው።»

«ደመወዝ ይወልዳል?»

«አይወልድም።»

ሳቀ። ጥርሱ አልቋል። «ይሁን፤ አንተም ከብት የለህ፣ ኖረሃል» አለኝ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ፣ «ወደ እኔ ለምን መጣህ?» አለ።

«ሽማግሌዎቹን መለስኳቸው። አባቷ አንተ ነህ ብዬ።»

አንዲት ጥጃ መጥታ ትከሻውን ላሰችው፤ በእጁ መለሳት። «እሷ ናት እንዲህ ያለችው ወይስ አንተ?»

መዋሸት ይቻል ነበር። ሽማግሌን በመጨረሻ ዘመኑ ማስደሰት ኃጢአት አይመስለኝም። ግን ውሸት አልችልበትም። «እኔ ነኝ» አልኩት። «እሷ አባት የለኝም ብላለች።»

አልተቆጣም። ራሱን ነቀነቀ፤ ከድሮ ጀምሮ የሚያውቀውን ነገር እንደሰማ ሰው። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ ስላንቺ ተቆጣሁ። ሃያ ምናምን ዓመት ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት። «ከዳነች እመጣለሁ ብለኸኝ ነበር። ዳነች። ለምን አልመጣህም?»

«መጥቻለሁ» አለ።

የነገረኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ። ዝናቡ እንደጣለ ሊወስድሽ መጣ። የምትለብሺውን ቆዳ እናትሽ አለስልሳው ይዞት ነበር። እኔ ቢሮ ነበርኩ። በአጥሩ ቀዳዳ ሲያይ አንቺና ብዙወርቅ መሬት ላይ ተቀምጣችኋል። እንጨት ይዘሽ አፈሩ ላይ ትጽፊያለሽ፤ ብዙወርቅ እጇን ሰጥታሽ አንቺ እየመራሻት ስሟን ታጽፊያታለሽ። ሲጠፋባት ትቆጫታለሽ።

«ሚስትህ ትልቅ ሴት ናት» አለኝ አይኬ። «ልጄ ግን እንደ ጥጃ ትቆጣታለች። ሚስትህም ትስቃለች። እኔ ትልቅ ሰው ለሕፃን እጁን ሲሰጥ አይቼ አላውቅም ነበር። ብገባ ትሮጥና ትይዘኛለች፤ ከያዘችኝ ይዣት እሄዳለሁ። ስለዚህ አልገባሁም። ቆዳውን መንገድ ላይ ለሌላ ሰው ልጅ ሰጠሁት።»

«ጊደሯስ?» አልኩት። «ከዚያ በኋላ ለምን ጊደር አቆምክልኝ? ልጆች በጊደር የተለወጠች እያሉ ሰደቧት እኮ።»

«ላንተ ማን አቆመልህ?» አለኝ።

ቦራዋ የኔ አልነበረችም፣ ኤፍራታ። ያንቺ ናት። አጥር ላይ ቆሞ አይቶሽ እንደተመለሰ ከጊደሮቹ ምርጧን ለይቶ ጆሮዋን በጥቶ ላንቺ ምልክት አደረገባት። «በእኛ ቤት ሴት ልጅ ከብት በስሟ አታቆምም» አለኝ። «ለልጄ ናት ብል ወንድሞቼ ይካፈሏታል። ለቤሌ ናት ካልኩ ግን ማንም አይነካትም። አንተ የዘላለም አጥር ሆንክላት።»

«ለኔ እንኳ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንተ የሰማኸውን ሁሉ ትጽፋለህ» አለኝ።

ልክ ነው። እጽፈው ነበር።

ይኸው ነው። ወንድሙ ላሚቱን ሲሸጣት ያን ያህል የተቃጠለው፣ «ይቅር ማለት ያንተ አይደለም» ያለኝ፣ ላሚቱ ያንቺ ስለሆነች ነው። አንቺ መስኮት ላይ ሆነሽ «ለላም ሲሆን ይመጣል» ያልሽበት ቀን፣ አባትሽ ላንቺ ነበር የመጣው። ወደ መስኮቱ ለምን ቀና እንዳላለም ጠየቅሁት። «ካየኋት እወስዳታለሁ ብዬሃለሁ እኮ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?» ብሎ ተቆጣኝ። ቦራዋ ራሷ ከሞተች ቆይታለች፤ ዘሯ ግን የበረቱን አንድ ወገን ይዟል። ጆሯቸውን እየዳሰሰ አንድ በአንድ አሳየኝ። ሁሉም ግንባራቸው ላይ ነጭ አለ። ቁጥራቸውን አልጠየቅሁትም፤ አንቺም እንዳትጠይቂው።

ልሄድ ስል በትሬን ያዘብኝ።

«ጠባቂ ወተት ይጠጣል» አለኝ። «ላሚቱ ስትበረክት ከጥጃውም ይደርሰዋል። አንተ ከልጄ ምን ወሰድክ?»

«ምንም አልወሰድኩም።»

«ምንም?»

«አንድ ጊዜ አባዬ ልትለኝ ነበር። ከለከልኳት። ያንተ ስም ነው ብዬ።»

በሞራው ዓይኑ ብዙ አየኝ። «አንተ ሞኝ» አለኝ። «ድፍን ሞኝ። እኔ ድርሻውን ጠጥቷል ብዬ ስኖር አንተ ወተቱን መሬት ስትደፋው ኖረሃል?» በትሬን ለቀቀውና፣ «ሂድ። ልጅቷን ንገራት። ድርሻህን ሳትወስድ ብትሞት እኔ ባለዕዳህ ሆኜ ነው የምቀበረው» አለኝ።

ቤቴ እንደደረስኩ ይህን ደብዳቤ ልጽፍ ተቀመጥኩ።

እንግዲህ ኤፍራታ፣ ነገሩ እንዲህ ቆሟል። እኔ ጀምር ብያለሁ። አባትሽ ተጠይቋል፤ እሺም ብሏል፤ ነገር ግን በበረቱ በር ላይ በእጁ ሳይዳስስሽ አይመርቅም። የአብነት ሽማግሌዎች ወደዚያው ይምጡ። እኔ አስተረጉማለሁ፤ የጎደለ ሐመርኛዬን አንቺ ትሞዪዋለሽ። አቶ ገብረ ማርያም ቆመው ይምጡ፤ አይኬ በርኩማውን ይሰጣቸዋል። እሱ ሲሰጣቸው ይቀመጡ። የኔ ወንበር ያንን ለማድረግ ሥልጣን አልነበረውም።

ማጽደቁ ግን የኔም የአይኬም አይደለም። ያንቺ ነው። ከመጣሽ ሁለቱም በረት አንድ ቀን ላይ ይዘጋል፤ ከአንዱ ወጥተሽ ወደ ሌላው ትገቢያለሽ፣ ማንም መሃል ላይ አያድርም። ካልመጣሽ፣ ይህን ሁሉ አንብበሽም አባት የለኝም ካልሽ፣ አልሟገትሽም። ሁሉም ወደነበረበት ይመለስ፤ እሱም በበሩ ጥላ፣ እኔም በቢሮ ወንበሬ። ሰዎችም ይረሱታል። እኔ ግን እንደ ተለዋዋጩ ነኝ፤ አልመለስም። ሆስፒታሉ በር ላይ ያቀፍኩትን ሳል የሚንጠውን ትንሽ ደረት፣ አፈሩ ላይ የብዙወርቅን ስም፣ «ሁሉም ሲረሳ እሱ አይረሳም» ያለችውን ልጅ እንደያዝኩ እቀራለሁ። ያን አንቺው ነሽ ያስተማርሽኝ።

የአባትሽ ዓይን እየደከመ ነው፤ የኔም ጉልበት እንዲሁ። ከዝናቡ በፊት ቢሆን ጥሩ ነው፤ ያ ወንዝ ሲሞላ ማንንም አይሰማም።

ከመጣሽ፣ በረቱ በር ላይ ስትደርሺ መጀመሪያ እሱን ጥሪው። በቋንቋችሁ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ ጥሪው፤ ጆሮው ገና ደህና ነው። እስኪጠግብ ይዳስስሽ። እሱ ከጨረሰ በኋላ ደግሞ እኔ ከኋላሽ ቆሜ እገኛለሁ። ወደ እኔ ዞር በይና ያን ጉልበቴን ይዘሽ ያልሽኝን፣ የመለስኩብሽን ቃል፣ አሁንም ልትዪኝ የምትፈልጊ ከሆነ በይኝ።

አልቆጣሽም።

ጠባቂሽ
ደምሰው
ጂንካ